ቻይና ድረስ የተሰማ ድምፅ

ልጄ ከተማ ለቅቃ ልትሄድ መሆኑን የነገረችኝ ቻይና ያለች የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ናት። ልጄ ራሷ አልነገረችኝም፤ ዘመድ አልነገረኝም፤ ወሬ የማያመልጣቸው የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም አልሰሙም። የነገረችኝ ከኮምፒውተር ስክሪን ውጭ አይታኝ የማታውቅ፣ የትምህርት ቤት ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔ ጉድ ግን ያን ያህል ርቆ ሄዶ ይመጣብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ረቡዕ ጧት ነበር። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ የሚባለው ሠፈር ባለው አፓርታማዬ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ለእኔ ጧት ሲሆን ለእነሱ ምሽት ነው፤ ራታቸውን በልተው ለማታ ጥናት ክፍላቸው ውስጥ ይሆናሉ። ስምንት ተማሪዎች በስምንት ትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ ይታዩኛል። የዕለቱን ጽሑፍ አንብበን፣ ጥያቄዎቹን ሠርተን፣ ልሰናበታቸው ስል ያቺ ልጅ እጇን አነሳች። እንግሊዝኛውን አንድ በአንድ እየደረደረች፣ “መምህርት፣ ቅዳሜ ልጅዎ ስትሄድ ያለቅሳሉ?” አለችኝ።

ክው አልኩ። የት ነው የምትሄደው ብዬ እንዳልጠይቅ፣ የገዛ ልጄን ጉዳይ ከቻይና ተማሪ ልጠይቅ ነው። ሰባቱም ሌሎች ሳጥኖች ውስጥ ያሉት ፊቶች መልሴን እየጠበቁ ነው። ፊታቸው ላይ መገረም የለም። ሁሉም ያውቃሉ። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

“ትንሽ አለቅስ ይሆናል” አልኩ።

“እሺ ስላሏት ሁላችንም ደስ ብሎናል” አለች ልጅቷ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅኩ። ከዚያ ስክሪኑን ዘግቼ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቀረሁ። ምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። አገር ቤት፣ ደብረ ማርቆስ፣ አሥራ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። በሰዋስው እኔን የሚያሳስት አልተወለደም ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛን የተማርኩት ግን አንድም የቋንቋውን ባለቤት በአካል ካላገኙ አስተማሪዎች ነው፤ እነሱም የተማሩት እንደነሱ ካሉ ሰዎች ነው። ስለዚህ ዓይኔ እንግሊዝኛ ያውቃል፣ ጆሮዬ አያውቅም። አሜሪካ ከመጣሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ዛሬም ሰው ፈጠን ብሎ ሲያወራ ግማሹን ይዤ ግማሹን በግምት እሞላለሁ። ከሰዓት በኋላ የምሠራው ፓርኪንግ ጋራዥ፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ውስጥ፣ በካሸርነት ነው፤ እዚያ ይህ ጉድለቴ ብዙ አይታወቅብኝም። ባለመኪና የሚናገረው ሁልጊዜ ያንኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው።

ከአንድ ዓመት በፊት ለቻይና የሃይስኩል ተማሪዎች እንግሊዝኛ ማንበብና ማዳመጥ የሚያለማምድ አንድ ትንሽ የኦንላይን ትምህርት ቤት አስተማሪ እንደሚፈልግ አየሁና አመለከትኩ። የጽሑፍ ፈተናቸውን አንድም ሳልስት ጨረስኩ። ቻይና ያለችው አስተባባሪ በጣም ደስ አላት። ድምፄን ከሰማች በኋላ ግን በማግስቱ በትሕትና ጻፈችልኝ፤ ለንባቡ ከእርስዎ የተሻለ አላገኘንም፣ ለማዳመጡ ግን ወላጆቹ እዚያው የተወለደ ሰው ድምፅ ነው የሚፈልጉት አለችኝ። ተናደድኩ። አሥራ አራት ዓመት ያስተማረ ድምፅ ምን ጎደለው? ሁለት ቀን አኩርፌ ዋልኩና፣ ንዴቴ ሲበርድ፣ እዚሁ የተወለደ ድምፅ ቤቴ ውስጥ አለ ብዬ መለስኩላት።

እንዲህ ሆኖ እኔ ለዓይናቸው፣ ልጄ ለጆሯቸው ተቀጠርን።

ልጄ ሃያ ዓመቷ ነው። ነርሲንግ ትማራለች፤ ወይም እስከዚያ ረቡዕ ድረስ ትማራለች ብዬ አምን ነበር። ከወንዙ ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤዝመንት፣ የአንድ ቤት ምድር ቤት፣ ተከራይታ ትኖራለች፤ እሁድ እሁድ እኔ ጋ ትመጣለች። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ሌላ ስቴት ሄዶ እዚያው ስለቀረ እኔና እሷ ብቻ ነን። የጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ገና ኮሌጅ ስትገባ ጀምረው “የነርሷ እናት” ነው የሚሉኝ። ስሜ ከጠፋባቸው ቆየ፤ እኔም አልከፋኝም።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ርዕስ እሰጣታለሁ፤ ቁርስ፣ ዝናብ፣ አያቴ፣ የምወደው ማሽን፣ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር። እሷ ስልኳ ላይ ሦስት አራት ደቂቃ ታወራለች፤ አምስት ጥያቄ ከነምርጫው ታወጣለች፤ ለእኔና ለአስተባባሪዋ በአንድ ላይ ትልካለች። መጀመሪያ የምታነበውን እኔ እጽፍላት ነበር። አስተባባሪዋ፣ ሲነበብ ያስታውቃል፣ የራሷን ሕይወት በራሷ አፍ ታውራ ስትል ተውኩት። ማዳመጡን ተማሪዎቹ የሚሠሩት ከእሷ ጋር ነው፤ እኔ ጋ የሚመጡት ለንባቡ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ቅጂ በጉጉት ከፈትኩት። ስለ ቁርስ ነበር። ድምፁ የልጄ ነው፣ ሳቁ የልጄ ነው፤ የምትለውን ግን ከግማሽ በላይ አልያዝኩትም። ቃላቱ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ያልፋሉ። ለካ ከእኔ ጋር ስታወራ ለእኔ ብላ ትቆራርጥልኛለች፤ ለእኔ ብላ አማርኛውን ጣል ጣል ታደርግልኛለች። ሃያ ዓመት ያሳደግኳት ልጅ እኔ ከሌለሁበት እንዴት እንደምታወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በጣም አፈርኩ። ያኔ አንዴ ደግሜ ብሰማው ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

ማታውኑ ደወለች። “ማሚ፣ ሊሰን አደረግሽው?”

“ሰምቼዋለሁ” አልኳት። “ጥሩ ነው። ጎበዝ።”

ከዚያ በኋላ አንድም ቅጂ አልከፈትኩም። እሷ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፤ እኔም በየሳምንቱ ሰምቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ጎበዝ እላታለሁ። ይህን የማደርገው እኔ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ለስምንቱ ልጆች ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቻይናዎቹ ልጆች እንደኔው ናቸው፤ ሲያነቡ የማይገባቸው የለም፣ ሲሰሙ ይጠፋባቸዋል፣ አስተማሪ እንዳይከፋ ብለው ደግሞ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። “ያልሰማችሁትን ሰማን አትበሉኝ” ነበር ያልኳቸው። “የጠፋባችሁ ቦታ ላይ እጃችሁን አንሡ። እስኪገባችሁ እደግመዋለሁ።” ደግሞ እንዴት ተቆጥቼ እንደተናገርኩት።

ነሐሴ ላይ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን ደውላ ድምፅዋ ልዩ ሆነብኝ።

“ማሚ፣ ያሁኑን ሰማሽው? ኦል ኦፍ ኢት?”

“እስከ መጨረሻው።”

“ኤንድ ዩር ኦኬይ?”

“ምን እሆናለሁ? ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ።”

ከዚያ “ታንክ ዩ ማሚ” አለችኝ፤ ድምፅዋ ተሰብሯል። ስላሞገስኳት የተነካች መሰለኝ። ልጄ ምን ያህል ሙገሳ ትወዳለች ብዬ ለራሴ ፈገግ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ትላልቅ ሻንጣዎች ስትወስድ፣ ቅዳሜውን ዕቃ እንዳግዛት ስትጠይቀኝ፣ ክፍል ልትቀይር ነው ብዬ አሰብኩ። የት ነው የምትገቢው እንኳ አላልኳትም።

እንግዲህ ያን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ፣ በካሸርነት የምቀመጥባት ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ሆኜ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የመጨረሻውን ቅጂ ከፈትኩ። ርዕሱ “ስንብት” ነው። እኔው ነኝ የሰጠኋት። ደብተርና እስክርቢቶ አወጣሁ። ለተማሪዎቼ እንደምነግራቸው አንድ ዓረፍተ ነገር እሰማለሁ፣ አቆማለሁ፣ የያዝኩትን እጽፋለሁ፣ ወደኋላ እመልሳለሁ። ፍጥነቱን ስቀንሰው ልጄ የጠጣች ሰው መሰለችብኝ፤ መልሼ አስተካከልኩት። መሃል ላይ መኪና ይመጣል፤ ማዳመጫውን አወልቃለሁ፣ መልስ እሰጣለሁ፣ አመስግኜ እሸኛለሁ፣ መልሼ እሰካለሁ።

አራት ደቂቃውን ለመስማት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ቅዳሜ ወደ ፒትስበርግ ትሄዳለች። እዚያ አሳንሰር መግጠምና መጠገን እየሠራች የምትማርበት ቦታ አግኝታለች። ዓመታት ይፈጃል። “እናቴ ሰምታለች” ትላለች መጨረሻው ላይ፤ ይህን ሳልደግም ነው የሰማሁት። “ፈቅዳልኛለች።”

አሳንሰር። በንዴት እስክርቢቶውን ወረወርኩት። እኛ ሕንጻ ውስጥ ያለው አሳንሰር ከሚሠራበት የሚበላሽበት ቀን ይበዛል፤ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ የገበያ ዕቃ ተሸክሜ ስወጣ የሚጠግኑትን ሰዎች ያልረገምኩበት ደረጃ የለም። ያ ሁሉ እርግማን ለካ ለገዛ ልጄ ኖሯል። ነርስ ትሆናለች ብዬ ለስንቱ አወራሁ! የጽዋ ማኅበሩ ሴቶች ታዩኝ። “የአሳንሰር ጠጋኟ እናት” ሲሉኝ ተሰማኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው፤ ቻይና ድረስ ያልሰማ የለም፣ እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ አልሰማሁም።

ስልኬን አንሥቼ ልደውልላት ቁጥሯን አወጣሁ። እኔ አልፈቀድኩም ልላት ነው። አልደወልኩም። አልፈቀድኩም ለማለት መጀመሪያ አልሰማሁም ማለት አለብኝ። አልሰማሁም ለማለት ደግሞ ዓመት ሙሉ ዋሽቼሻለሁ ማለት አለብኝ። ስልኩን አስቀመጥኩትና ከዚያ በፊት ያለውን ቅጂ ከፈትኩ። ከዚያም ከእሱ በፊት ያለውን። ሐሙስን በዚህ አመሸሁ፤ ዓርብንም።

ወደኋላ በሄድኩ ቁጥር ሌላ ነገር ይጠብቀኛል። ድምፅዋ የተሰበረብኝ ዕለት የላከችው ለካ ለፒትስበርጉ ፈቃዴን የጠየቀችበት ኖሯል። “የምወደው ማሽን” የሚለው የእኛው ሕንጻ አሳንሰር ነው። ገና ልጅ ሳለች አንድ ቀን ውስጡ ብቻዋን ተዘግቶባት ነበር፤ ይህን እኔም አስታውሳለሁ፤ እኔ የማስታውሰው ጩኸቴን ነው። እሷ የምታስታውሰው ከበሩ ማዶ ሆና ስለ ሽቦውና ስለ ክብደቱ እየነገረች ያረጋጋቻትን ሠራተኛ ነው። ሴት ነበረች። እኔ ያቺን ሴት አላየኋትም፤ ወይም አይቻት አላስታውሳትም። “ውሳኔ” የሚለው ላይ በጥር ወር ከነርሲንግ መውጣቷን ተናገረች። በጥር። እኔ የፋሲካ ዕለት “ትምህርት እንዴት ነው?” ብያት፣ “ማሚ፣ ታውቂ የለ” ብላ እንግዳ በሆነ ዓይን አይታኝ ነበር። እንደተለመደው ነው ማለቷ መስሎኝ አልፌው ነበር።

ሁሉንም ያስረዳኝ ግን “አያቴ” የሚለው ነው።

አባቴ ደግ ነበር፤ ግን ሁላችንም እንፈራው ነበር። ቤታችን ውስጥ ትልቅ ነገር ለእሱ ፊት ለፊት አይነገርም። አስተማሪ ልሆን መፈለጌንም፣ ባል ማግባቴንም፣ ባሕር ማዶ መሄዴንም የነገርኩት በሰው ነው፤ አንድ ጊዜ በአክስቴ፣ ሌላ ጊዜ በጎረቤት ሽማግሌ። መልእክተኛው ይገባል፣ ይናገራል፣ ይወጣል። አባቴ ከፈቀደ በማግስቱ ቁርስ ላይ “ሰምቻለሁ” ይለኛል። አለቀ። ከዚያ በኋላ ነገሩ አይነሳም፤ ማንሳት ነውር ነው። ይህን ለልጄ ትንሽ ሳለች እንደ ተረት ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ እንዴት የታረመ ቤት እንደነበረን እንድታውቅ ብዬ። እሷ በእንግሊዝኛ “ኦኬይ ማሚ” ትለኝና ወደ ስልኳ ትመለስ ነበር። ትሰማኛለች ብዬ ያኔም አላሰብኩም።

ሰምታኛለች። ቃል በቃል። ቅጂው ላይ ለቻይና ልጆች ሁሉንም አወራችላቸው፤ አክስቴን፣ ሽማግሌውን፣ ቁርሱን። ከዚያ እንዲህ አለች፤ ዘጠኝ ጊዜ ደጋግሜ ነው የጻፍኩት። “እኔ ለእናቴ የምነግራት ትልቅ ነገር አለኝ። እዚህ አገር አክስት የለኝም፤ ሽማግሌ የለኝም። እናንተ ስምንት ናችሁ፤ እናቴም ትወዳችኋለች። ስለዚህ ሽማግሌዎቼ እናንተ ትሆናላችሁ። ለእናንተ ስናገር እሷም ትሰማለች። ሰምቻለሁ ካለችኝ፣ ፈቀደች ማለት ነው።”

ይህን የሰማሁት የመስታወቱ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። አንድ ባለመኪና ጡሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ መኪና መድረሱን አላየሁም። ያቺ ጃኬቷን እስከ አገጯ የምትዘጋ ልጅ ለምን እንደጠየቀችኝ ገባኝ። ሽማግሌ ሆና ተልካ ነበር። የተላከችበት ጉዳይ ከምን እንደደረሰ ነው የጠየቀችኝ።

ርዕሳቸውን አይቼ ከመረጥኳቸው አንድ ቅጂ ቀረኝ። “ከባድ ቀን” ይላል፤ የታኅሣሥ ነው። ዓርብ ነው የከፈትኩት። የነርሲንግ ልምምዷን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ታደርግ ነበር፤ ስለ እሱ ነው የምታወራው። ስለ አንዲት አሮጊት ነው። ከዚህ በላይ ልነግራችሁ አልችልም፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ድምፅዋ ይወርዳል፣ ይፈጥናል፣ ትንፋሿ ከቃላቱ ጋር ይቀላቀላል። እጇን ይዛት እንደነበር ያዝኩ። ማንም አልመጣም የሚል ያዝኩ። “ቤት ስሄድ” የሚል ያዝኩ፤ ቤት ስትሄድ ምን እንደሆነ አልያዝኩም። ስንት ጊዜ ወደኋላ እንደመለስኩት አላውቅም። ደብተሬ ላይ ከቃላቱ ባዶው ቦታ ይበዛ ነበር። ልጄ በሕይወቷ ካወራችው ሁሉ ከባዱን ነገር አውርታለች፤ ቻይና ያሉ ልጆች ሰምተዋት ጥያቄዎቿን መልሰዋል፤ እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጥሩ ነው፣ ጎበዝ ብያታለሁ።

አለቀስኩ። ማልቀሴንም ባለመኪኖቹ እንዳያዩ ጎንበስ ብዬ ነው።

ልወጣ ስል “ስንብት” የሚለው ላይ ያወጣቻቸውን ጥያቄዎች ሠራኋቸው። ልማድ ነው፤ ጥያቄ አይቼ ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። አምስተኛው እንዲህ ይላል፤ “የተናጋሪዋ እናት ነገሩን በሰማች ጊዜ ምን አደረገች?” ምርጫዎቹ አራት ናቸው። አለቀሰች። ተቆጣች። ለምን ብላ ጠየቀች። ጥሩ ነው፣ ጎበዝ አለች።

መልሱ አራተኛው ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ዓይኔ ቆየ። ጥያቄ ሲወጣ ትክክለኛ የሚመስል አንድ የተሳሳተ ምርጫ ይገባል፤ ይህን ዘዴ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ደውላልኝ ነበር። “ማሚ፣ ቅዳሜ አትቀሪም አይደል? ቴን ላይ ሊቭ አደርጋለሁ።” አልቀርም አልኳት። ከዚያች ስልክ እስከ ቅዳሜ ጧት ሁለት ሐሳብ ሲያላጋኝ ቆየ። አንደኛው፣ ዝም ብዬ ሻንጣዋን ተሸክሜ፣ መርቄ፣ ስሜ ልሸኛት፤ ልጅቷ እናቴ ፈቀደችልኝ ብላ ደስ ብሏት ትሂድ፤ ማን ይጎዳል? ሁለተኛው፣ አልፈቀድኩም ብዬ ላስቀራት፤ እውነትም አልፈቀድኩም። ለሁለቱም ምክንያት ነበረኝ። ሁለቱም ግን ያችኑ አንዲት ነገር ይዘላሉ። ሁለቱም ውስጥ እኔ አሁንም አልሰማኋትም።

ቅዳሜ በቤልትዌይ፣ በቀለበት መንገዱ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስ በፈረንጅ ሰዓት ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነበር። ትንሿ መኪናዋ እስከ ጣሪያዋ ተጭናለች። ልጄ የቤዝመንቱ ደረጃ ላይ ቆማ የመጨረሻውን ካርቶን ይዛለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። አስቀምጣው አቀፈችኝ።

“ማሚ፣ ካርቶኑን እኔ እይዘዋለሁ፤ አንቺ ያቺን የጠረጴዛ መብራት ብቻ ያዥልኝ” አለች።

“አልሰማሁሽም ነበር” አልኳት።

“ምኑን?”

“ቅጂዎቹን። ዓመቱን ሙሉ። ሰምቼዋለሁ ስልሽ አልሰማሁትም። አንዱን ብቻ ከፈትኩ፤ የቁርሱን፤ እሱንም ግማሹን አልያዝኩትም፤ አፈርኩና ተውኩት።”

እንዳልገባት ዓይነት አየችኝ። አማርኛዬ ፈጥኖባት ይሆን ብዬ ደገምኩላት። መድገሙ አስፈላጊ አልነበረም። ደረጃው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

“ዌይት” አለች። “የአሮጊቷን?”

“አልሰማሁም።”

“ከስኩል መውጣቴን? ፒትስበርግን?”

“ረቡዕ ነው። አንዷ ተማሪ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ሰማሁ።”

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያን ያህል የደነገጠ ፊት ከሦስት ቀን በፊት የኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ የነበረው የእኔ ብቻ ይመስለኛል። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። “ማሚ” አለች በመጨረሻ፣ “ታዲያ ከማን ጋር ነበር ሳወራ የከረምኩት?”

“ከቻይና ልጆች ጋር” አልኩ።

አንድ ሰውዬ ውሻውን እየጎተተ አለፈ። ልጄ ካርቶኑን ዝም ብላ እያየች፣ “ሶ አልፈቀድሽም” አለች። የጠየቀችኝ አይመስልም፤ ለራሷ ነው የተናገረችው። “ሁሉም ነገር… ዩ ኔቨር ሴድ ኦኬይ።”

“አላልኩም።”

“አሁንስ?”

እዚህ ላይ ነው ትልቅ ነገር መናገር የነበረብኝ። መንገድ ላይ ስመጣ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ነርስ ስለመሆን፣ ስለ አባቷ፣ እኔ ለእሷ ብዬ ስለለፋሁባቸው ዓመታት፤ ሁሉም ጠፋብኝ። ከእሷ በታች ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩና ቦርሳዬን ከፍቼ ደብተሩን አወጣሁ። ገጾቹን ገለጥኩላት። ዓረፍተ ነገር፣ ባዶ ቦታ፣ ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ባዶ ቦታ። የራሷን ንግግር በእኔ የእጅ ጽሑፍ ስታየው ደብተሩን ከእጄ ወሰደችው። “ከባድ ቀን” የሚለው ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷ ባዶው ላይ ቆመ።

“አሁንም አላውቅም” አልኳት። “ገና ሰምቼ አልጨረስኩም። ይሄ የጎደለው ምን ነበር የሚለው? ንገሪኝ። ለእኔ ብለሽ አትቆራርጪው፤ እንዳወራሽው አውሪው። የጠፋብኝ ቦታ ላይ እጄን አነሳለሁ።”

“ቴን ሊሆን ነው፣ ማሚ።”

“ይሁን።”

ለትንሽ ጊዜ የምትነሳ መሰለኝ። ከዚያ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘጋችው። ጎዳናውን እያየች፣ በራሷ እንግሊዝኛ፣ በራሷ ፍጥነት ጀመረች። ማክሰኞ ነበር አለች። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጠፋብኝ፤ እጄን አነሳሁ። አቆመችና ደገመችልኝ።